በሩን ዝጉት

እኔን አታዩኝም።
ከመድረኩ ከንፈር፣ ከመብራቱ በታች፣
የዶሮ ቆጥ ታህል አንዲት ሣጥን አለች፤
ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ተጎልቼ፣
ቃል ሳቀብል ኖርኩኝ እስትንፋሴን ገትቼ።
“እወድሻለሁ” ሲል፣ ከእርሱ በፊት እኔ፤
“እሞታለሁ” ስትል፣ ከእርሷ በፊት እኔ።
ማታ ማታ ሞቼ ጠዋት ገበያ ወጣሁ፤
ስንቴ እንደተቀበርኩ ቆጥሬ ተውኩ፣ ረሳሁ።

ከተማዬ ትሪየስቴ፣ ንፋሷ ስም ያለው፤
ቦራ ነው የሚሉት።
መንገደኛውን ሁሉ ከባሕር እንዳይጥለው፣
ገመድ ይወጠራል በየመታጠፊያው፤
ገመዱን የያዘ ቆቡን ይሸኘዋል፣
ቆቡን የያዘ ሰው ራሱ ይሄዳል።

ዘንድሮ መድረኩን የሞላው ባዕድ ነው።
ኖሚንዳሪ ሟች ናት፣ ከሞንጎልያ የመጣች፣
ድምጿ ከአልጋዋ የሚሰፋ ደቃቃ ሴት ነች።
ታፋኦ አፍቃሪው፣ የሳሞአ መለሎ፣
ጉበን ይመታዋል ጎንበስ እንኳ ብሎ።
ጆርጂያዊው ቫዣ አባት ሆኖ ይቆጣል፣
ከልጁ በዕድሜ አራት ዓመት ያንሳል፤
ጢሙን በዱቄት ነው የሚያሸብቱት።
አዘጋጇ ቱያ ከፊንላንድ ናት፤
ስትደሰት ዝም ትላለች፣ ስትናደድም ዝም።

የጋራ ቋንቋቸው ይህ ኦፔራ ብቻ ነው፤
መቶ ስልሳ ዓመት ያረጀ ጣልያንኛ፣ አበባ የበዛው።
ታፋኦ ዳቦ ቤት ሰልፉን ጠብቆ ደርሶ፣
“የነፍሴ ጎሕ ሆይ፣ ሁለት ዳቦ ለግሺኝ!” ቢላት እጁን ነስቶ፣
ኔሪና ከሳቋ ሚዛኑን ደፋችው፤
ዳቦውን በነጻ፣ ከነከረጢቱ ሰጠችው።
ቫዣም ጥርሱን ታሞ ሐኪም ዘንድ ቢወስዱት፣
“ወዮ! ጨካኝ ዕጣዬ መንጋጋዬን ወጋው” አለና ነቀሉለት።

በልምምድ ሰሞን ቱያ አስቆመቻት፤
ሳሉ በዝቷል ለማለት ጣቷን አጥብባ አሳየቻት።
ከዚያ ወዲያ ኖሚንዳሪ ሳሏን ስትስለው፣
በቀጭን እርሳስ የተሳለ ይመስላል፣ አየር ላይ የቀረው።

የመክፈቻው ማታ ቦራ መጣ።
ሦስተኛው ክፍል፤ አልጋ፣ ትራስ፣ ሻማ።
የዕቃ ማስገቢያው በር ከኋላ ተበረገደ፤
መጋረጃው እንደ መርከብ ሸራ ተነፋ፤
ሻማው አልጠፋም፣ የባትሪ ነውና።
ኖሚንዳሪ አፏን ከፈተች፤
ቃሉ የለም።
ሹክ አልኳት። ንፋሱ ነጠቀኝ።
ደግሜ ሹክ አልኳት፤
ወሰደው ወደ ባሕር፣ እንደ አንድ ሰው ቆብ።

ያኔ፣ ዜማውን ሳትለቅ፣ በማላውቀው ቋንቋ፣
“ኻልጋ ኻ . . .” አለች።
ቃል ነው ወይስ ትንፋሽ?
በሠላሳ አንድ ዓመቴ
ቀጥሎ የሚመጣውን አላወቅሁም።
ጣቴ ከገጹ ላይ ተነሣ።
እንደ ባለትኬት፣ እንደ ማንም ሰው ሰማኋት።
ሞተች፤
ከእኔ በፊት።

ከሰገነቱ ላይ አንድ ሰው ስቅስቅ አለ፤
ታፋኦ የታቀፋትን ይዞ የምር ተንሰቀሰቀ፣
የራሱ ዜማ እስኪያመልጠው።

መጋረጃ ወርዶ፣
ግማሽ ፊቷ ገና ሟች፣ ግማሹ በቅባት ተጠርጎ ሳለ፣
“ምን ነበር ያልሽው?” ብዬ በእጄ ጠየቅኋት።
ተነሣች። ወደ በሩ ሄደች። ዘጋችው።
መዳፏን እፍ እፍ አለች፣ እንደበረዳት፤
ትከሻዋን አቅፋ “ማማ” አለችኝ፤ “ማማ”።
እናትየው ናት ለካ፣ በብርድ ወራት፣ ለልጆቿ፦
በሩን ዝጉት፣ ንፋስ ገባ።
ስምንት መቶ ሰው ያለቀሰው ለዚህ ነው።

በማግሥቱ በሩን በብረት ቀረቀሩት።
አንድም ቃል ሳታጎድል ዘመረችው፤
እኔም እንደ ልማዴ ቀድሜያት ሞትኩ።
ብቻ ከኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጽፌዋለሁ፣
ምናልባት ዳግመኛ ትረሳው እንደሆን ብዬ፤
ኦርኬስትራው ዝም በሚልባት በዚያች አንዲት ምት፣
ለማንም ባልሆነ ሹክታ፣
ኻልጋ ኻ።